ሽጉጥና ማኅደሩ

በአገራችን ከታወቁት ነፍጦች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሠሪዎቻቸው ነው። ሰናድር ስናይደር ከተባለው ሰው ስም የመጣ ነው፤ ውጅግራም ግራ ከተባለው ፈረንሳዊ መኰንን ስም የወጣ ነው። ሽጉጥ ግን ለስሙ የማንም ባለዕዳ አይደለም። «ሸጐጠ» ከሚለው ከገዛ ቋንቋችን ግሥ ወጥቶ፣ በልብስ ውስጥ የገባ፣ የተወሸቀ ማለት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ይህን መሣሪያ ሲሰይሙት ያስተዋሉት አተኳኰሱን ሳይሆን አያያዙን ነበረ። አስተውሎታቸውም ትክክለኛ ነው፤ ሽጉጥን ከጠመንጃ የሚለየው ማጠሩ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ሳያየው ከባለቤቱ ገላ ጋር ተጣብቆ መዋሉ ነውና።

ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ትቶአል። የት ይሸጐጥ? በምንስ ውስጥ ሆኖ ይሸጐጥ? ዛሬ ልተርክላችሁ ያሰብሁት የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ፈረንጆች የሽጉጥን ቤት «ሆልስተር» ይሉታል። እኔ ግን በዚህ ንግግር «ማኅደር» እለዋለሁ። ዳዊት ደጋሚዎች አያቶቻችን መጽሐፋቸውን የሚያኖሩበት የቆዳ ማኅደር ለአንድ መጽሐፍ ልክ ተቈርጦ የሚሰፋ ነው፤ የአንዱን መጽሐፍ ማኅደር ለሌላው ቢያለብሱት ወይ አይገባም፣ ወይም ገብቶ ይዋልላል። የሽጉጥም ማኅደር ነገሩ እንደዚሁ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር እስኪታወቅ ድረስ አራት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶአል፤ በዚህም ታሪክ ውስጥ ከምናገኛቸው ቍስለኞች ብዙዎቹ በጠላት የተመቱ ሳይሆኑ በገዛ መሣሪያቸው የተመቱ ናቸው። የታሪኩን ዘመናት ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ባሩድ በአውሮፓ ከታወቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ነፍጥ ይተኰስ የነበረው በሚጤስ ገመድ ነው። ወታደሩ የነደደውን ገመድ ይዞ ይዞራል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋበታል፤ በጨለማ ፍሙ ከሩቅ ይታይበታል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከካባ ሥር መሸሸግ ካባውን ማቃጠል ነው። በ1500 ዓ.ም. ገደማ ግን በሞላ ኀይል የሚሽከረከር ትንሽ የብረት መንኮራኵር ተሠራ። መንኮራኵሩ ድንጋይ እየፋቀ የእሳት ፍንጣሪ ስለሚያወጣ፣ መሣሪያው ጐርሶና ተዘጋጅቶ ያለ ምንም እሳት ለመቈየት ቻለ። ሽጉጥ በእውነት ሽጉጥ የሆነው ያን ጊዜ ነው። መንግሥታትም የነገሩን ፍሬ ወዲያው ተረዱት። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ቀዳማዊ በ1517 ዓ.ም. በኦስትሪያ፣ በተከታዩም ዓመት በመላው ግዛታቸው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከለከሉ፤ ያሳሰባቸውም በልብስ ሥር ተደብቆ መያዙ ነበረ። ክልከላው ግን መሣሪያውን አላጠፋውም። በ1584 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ሕዝብ መሪ የነበረው የኦራንጁ ልዑል ዊልያም በዴልፍት ከተማ በገዛ ቤቱ ውስጥ በሽጉጥ ተገደለ። ገዳዩ ባልታዛር ዤራር ሽጉጡን የገዛው፣ ልዑሉ ድኻ መስሎት ለልብስ መግዣ በሰጠው ገንዘብ ነው ይባላል።

በዚያ ዘመን የወታደር ሽጉጥ ረጅምና ከባድ ስለ ነበረ የሚኖረው በሰው ወገብ ላይ ሳይሆን በፈረስ ላይ ነው። ከኮርቻው ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ሁለት የቆዳ ማኅደሮች ይንጠለጠላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ማኅደሮች እነዚህ ናቸው። ፈረሰኛው ከፈረሱ ሲወርድ መሣሪያውን ከኮርቻው ላይ ይተወዋል፤ ስለዚህ የመቀመጥም የመቈርቈርም ጥያቄ አልነበረበትም። መርከበኞች በሽጉጡ ጐን ላይ የብረት መንጠቆ አስገጥመው በቀበቶአቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበረ። የከተማው ሰው ደግሞ ትንንሽ ሽጉጦችን በካፖርቱ ኪስ ይከት ጀመር፤ እመቤቶችም በእጅ ማሞቂያቸው ውስጥ ይይዙ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብልኀት ሳልጠቅስ ባልፍ ሠሪዎቹን እበድላለሁ። በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ አንዳንድ የኪስ ሽጉጦች ጣት የሚስበው ምላጭ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባ ነበረ፤ መሣሪያው ለመተኰስ ሲዘጋጅ ብቻ ብቅ ይላል። እነዚያ አንጥረኞች በኪስ ውስጥ ቍልፍም፣ መሐረብም፣ ሳንቲምም እንደሚኖር ያውቁ ነበርና፣ ከነዚህ አንዱ ምላጩን እንዳይስበው አስቀድመው አስበውበታል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች ይህን ጥበብ ለረጅም ጊዜ ዘንግተውት ኖሩ።

የኪስ ሽጉጥ ምን ያህል ሊሸሸግ እንደሚችል ዓለም ሁሉ ያወቀው ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ዓ.ም. ነው። በዚያ ምሽት ተዋናዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ በዋሽንግተን ከተማ በፎርድ ቴአትር ቤት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የመታቸው፣ የፊላዴልፊያው ሄንሪ ደሪንጀር በሠራው፣ አንድ ጥይት ብቻ በሚጐርስና በመዳፍ በሚያዝ ሽጉጥ ነበረ።

ነገሩን ከኮርቻና ከኪስ አውጥቶ ወደ ወገብ ያመጣው አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ነው። በ1836 ዓ.ም. በአገሩ ፓተንት ያገኘበት ባለ ተሽከርካሪ ከበሮ ሽጉጥ ባለቤቱ ደጋግሞ እንዲተኵስ አስቻለው። ከሽጉጦቹ አንዱ፣ በ1847 ዓ.ም. የወጣው ዎከር የተባለው፣ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝን ስለ ነበረ ለሰው ወገብ አልተመቸም፤ እርሱም እንደ ቀደሙት በኮርቻ ላይ ዋለ። በ1851 ዓ.ም. የወጣው ግን አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ገደማ ነበረ፤ ይህ በቀበቶ ላይ ሊውል ይችላል። የቆዳ ሠራተኞች ሥራ የተጀመረውም ከዚህ በኋላ ነው።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ለወታደሩ የሰጠው ማኅደር እስከ ላይ በክዳን የሚሸፈን ወፍራም ቆዳ ነበረ። ክዳኑ ዝናብና አቧራ ይከለክላል፤ ፈረስ ሲጋልብ መሣሪያው ወድቆ እንዳይቀር ይጠብቃል። ካሊፎርንያ ውስጥ ወርቅ ፈላጊዎች ዘንድ ግን ክዳን የሌለው፣ የሽጉጡን ቅርጽ ተከትሎ የተሰፋ ቀጭን ማኅደር ተለመደ። በ1870ዎቹ ደግሞ ከኋላው የሚታጠፈው ቆዳ ተሰንጥቆ ማኅደሩ ራሱ በስንጥቁ የሚያልፍበት የሜክሲኮ ዓይነት የሚባለው ተስፋፋ። ክዳኑ ሲወገድ ሽጉጡን ማውጣት ቀለለ፤ መውደቁም እንደዚያው ቀለለ።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ዋያት ኧርፕ በፊልም የታወቀ የምዕራብ አሜሪካ ሕግ አስከባሪ ነው። በጥር ወር 1876 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ፖሊስ ሳለ፣ አንድ የእሑድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር በመጠጥ ቤት የኋላ ክፍል ተቀምጦ ነበረ። በወንበሩ ላይ እንዳለ ሽጉጡ ከማኅደሩ ተንሸራትቶ ወጣና ከወንበሩ ጋር ተጋጨ። የዚያ ዘመን ሽጉጥ መዶሻ በቀጥታ በጥይቱ መቀጣጠያ ላይ ያርፍ ስለ ነበረ በግጭቱ ተኰሰ። ጥይቱ የኧርፕን ኮት በስቶ አለፈ፤ ግድግዳ መትቶ ነጥሮ በጣሪያው በኩል ወጣ። ማንም አልሞተም፤ የከተማው ጋዜጣም ነገሩን ለአንባቢዎቹ አቀረበላቸው። ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ሰው መሣሪያ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጥፋቱም የተኳሽነት ጥፋት አልነበረም። ማኅደሩ መሣሪያውን ጨብጦ አልያዘም፤ ከበሮውም ስድስት ጥይት ጐርሶ መዶሻው በባዶ ጉድጓድ ላይ አላረፈም። ከስድስቱ አምስቱን ብቻ አጕርሶ መዶሻውን በባዶው ላይ ማሳረፍ የጥንቁቆች ልማድ የሆነው እንዲህ ካሉ ነገሮች የተነሣ ነው።

ይኸው ሰው ጥቅምት 26 ቀን 1881 ዓ.ም. በአሪዞና በቱምስቶን ከተማ በተደረገው የታወቀ ተኵስ ላይ ሽጉጡን የያዘው በማኅደር ሳይሆን በካፖርቱ ኪስ እንደ ነበረ ራሱ በፍርድ ምርመራ ላይ ተናግሮአል። በከተማይቱ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መዞር በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ የተከለከለ ነበረ፤ የግጭቱም አንዱ መነሻ ይኸው ደንብ ነው። በሲኒማ ቤት ያየነው ዝቅ ብሎ በጭን ላይ የታሰረ ማኅደር አብዛኛውን በ20ኛው መቶ ዓመት በሆሊዉድ የተፈጠረ ነው። በ1950ዎቹ አርቮ ኦያላ የተባለ ባለሙያ በውስጡ ብረት የገባበት ማኅደር ሠርቶ ተዋንያንን ፈጥኖ ማውጣትን ያስተምር ነበረ። ተዋንያኑ የሚተኵሱት ጥይት አልባ ባሩድ ነው። ፊልሙን አይተው በእውነተኛ ጥይት ሊያስመስሉ የሞከሩ ጐረምሶች ግን ብዙዎች እግራቸውን መቱ። ለዚህ ዓይነቱ ቅልጥፍና አድናቆት የለኝም።

አሁን ከሜዳው ወደ ከተማው እንመለስ፤ ተሸሽጎ የመያዝ ነገር የከተማ ጉዳይ ነውና። በአሜሪካ የተሸሸገ መሣሪያን በሕግ አስቀድመው ከከለከሉት ግዛቶች ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 ዓ.ም. ይገኙበታል። የኒው ዮርክ ግዛትም በ1911 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በሰው ላይ ሊሸሸግ የሚችል ሽጉጥ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ አዘዘ። በሌላ በኩል ፋብሪካዎቹ ለኪስ የሚስማማ መሣሪያ ማውጣታቸውን አላቋረጡም። ስሚዝና ዌሰን የተባለው ኩባንያ በ1887 ዓ.ም. መዶሻው በውስጡ የተሸሸገ ሽጉጥ አወጣ፤ መዶሻው ከውጭ ስለሌለ የኪስ ጨርቅ አይዘውም፤ በእጀታውም ጀርባ ላይ ያለውን መጫኛ እጅ አጥብቆ ካልጨበጠው አይተኵስም። የፋብሪካው ሰዎች የእነዚያን የ18ኛውን መቶ ዓመት አንጥረኞች አሳብ እንደ ገና አገኙት ማለት ነው።

ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ሽጉጥ ታጥቆ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ በብዛት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ በ1908 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ መሣሪያ እንዲይዙ ሕግ ሙሉ ሥልጣን የሰጣቸው በ1934 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ፈረሰኛ ወይም እንደ ደንብ ልብስ ለባሽ ፖሊስ ማኅደራቸውን ከላይ ሊያንጠለጥሉ አይችሉም። በቢሮ ይቀመጣሉ፤ በመኪና ይሄዳሉ፤ ኮታቸውን ቈልፈው በሰው ፊት ይቆማሉ። ስለዚህ ማኅደራቸውን በቀኝ ወገባቸው ከአጥንቱ ጥቂት ወደ ኋላ አድርገው፣ እጀታውን ወደ ፊት ዘንበል አደረጉት። ዘንበል ማለቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እጀታው ከጐን አጥንት ጋር ስለሚገጥም ከኮቱ ጀርባ ቈልምሞ አይታይም፤ ሰውየውም ሲቀመጥ አፈሙዙ ወንበሩን አይገፋም። ያ አስተጣጠቅ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቢሮ ስም ይጠራል።

በዚያው ዘመን አንድ የተሳሳተ ልማድም ሥር ሰደደ። በ1920ዎቹ በቴክሳስ በኤል ፓሶ ከተማ ቶም ትሪፐርሰንስ የተባለ የታወቀ ሕግ አስከባሪ፣ ማየርስ ከተባለ የኮርቻ ሠሪ ጋር ሆኖ ትርፍ ቆዳው ሁሉ የተወገደለት ማኅደር አሠራ። ከተወገደው ቆዳ ጋር የምላጩ መሸፈኛም አብሮ ሄደ፤ ጣት ሽጉጡ ገና በማኅደሩ ሳለ ምላጩን ሊያገኝ ይችላል። የኮልት ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ፊዝጀራልድ ደግሞ ከዚያ አልፎ በአንዳንድ ሽጉጦች ላይ ምላጩን የሚጠብቀውን ቀለበት ከፊቱ ቈርጦ ጣለው፤ ሽጉጦቹንም በቆዳ በተለበጠ ኪሱ ይይዝ ነበረ። ሁለቱም በሙያቸው የተደነቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሺህ ከሚቈጠሩ ሰዎች አንዱ ያለ ጉዳት የሚሠራውን ነገር ፋብሪካ ለሺሁ ሁሉ ሲሸጠው ጉዳቱ የሚደርሰው በቀሩት ላይ ነው። ምላጩ የተጋለጠ ማኅደር እስከ 1970ዎቹ ድረስ ገበያውን እንደ ያዘ ኖረ።

ነገሩን ወደ ትክክለኛው መንገድ ከመለሱት አንዱ የኒው ዮርኩ ቺክ ጌይሎርድ ነው። በ1950ዎቹ ለመርማሪ ፖሊሶች ማኅደር ይሠራ ነበረ፤ በ1960ም ስለ ሙያው መጽሐፍ አሳተመ። ዘዴው እንደ ማኅደረ ዳዊት ነው፤ ቆዳውን አርሶ በዚያው በአንዱ ሽጉጥ ላይ እየጫነ ቅርጹን ያስይዘዋል፤ ሲደርቅ ቆዳው የመሣሪያውን ጐድጓዳና ጕብታ ሁሉ ስለሚይዝ ያለ ማሰሪያ ጨብጦ ያቈየዋል። ማኅደሩም ትንሽና ቀጭን ስለሆነ ከገላ ጋር ይጣበቃል።

ሁለተኛው ብሩስ ኔልሰን ነው፤ የእርሱን ሥራ ከሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ። ኔልሰን በካሊፎርንያ ግዛት አደንዛዥ ዕፅ ሻጮችን በስውር የሚከታተል መርማሪ ነበረ። ካሊፎርንያ ሞቃት አገር ነው፤ ካፖርት ለብሶ መዞር ራሱን ያስጠረጥራል። ስለዚህ ማኅደሩ ከሱሪው ውስጥ መግባት አለበት። ከሱሪ ውስጥ የሚገባ ማኅደር ከእርሱ በፊትም ነበረ፤ ነገር ግን ለስላሳ ቆዳ ስለ ነበረ ሽጉጡ በወጣ ቅጽበት ቀበቶው ይጫነውና አፉ ይገጥማል። ሰውየው ሽጉጡን ሊመልስ ሲፈልግ በግራ እጁ የማኅደሩን አፍ መክፈት አለበት፤ በዚያን ጊዜ አፈሙዙ የገዛ ጣቶቹን ይመለከታል። ያለዚያ እንዲያው በሱሪው ውስጥ ይወሽቀዋል። ኔልሰን በ1970ዎቹ ባወጣው ማኅደር አፉን በጠንካራ ድርብ አደረገው፤ ሽጉጡ ወጥቶም አፉ ክፍት ሆኖ ይቈያል። የቆዳውንም ሸካራ ፊት ወደ ውጭ አዞረው፤ ሸካራው ልብስን ስለሚይዝ ማኅደሩ አይንሸራተትም፤ ለስላሳው ገጽ ደግሞ ከብረቱ ጋር ይውላል። ይህን ሥራ በአይዳሆ ግዛት የነበረው ሚልት ስፓርክስ በፈቃዱ እየሠራ አሰራጨው፤ «የበጋ» ማኅደር የሚል ስምም ወጣለት። በወገብ ላይ ከሚውሉት ማኅደሮች ስንቶቹ የዚህ ልጆችና የልጅ ልጆች መሆናቸውን አይቶ መቍጠር አዳጋች ነው።

ከቆዳ ሌላ ደግሞ ካይዴክስ የተባለ ፕላስቲክ መጣ። በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን የውስጥ ክፍል የተሠራ ነበረ፤ በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ላይ ሲጫን ቅርጹን ይይዛል። ላብ አይጠጣም፤ አፉም አይገጥምም። ከገላ ጋር ሲውል ግን እንደ ቆዳ አይለምድም፤ ጠርዙ ካልተሞረደ ይቈረቍራል።

ምላጩ መሸፈን እንዳለበት ክርክሩን የጨረሰው የሽጉጡ መለወጥ ነው። የኦስትሪያ ጦር በ1982 ዓ.ም. የተቀበለው ግሎክ የተባለው ሽጉጥ በብዙ አገር የፖሊስ መሣሪያ ሆነ። ቀላል ነው፤ ቢወድቅም እንዳይተኵስ የሚጠብቁት መሣሪያዎች በውስጡ አሉት። በእጅ የሚቈለፍ የውጭ መቈለፊያ ግን የለውም፤ ምላጩም ከሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ በማይበልጥ ጕልበት ይሳባል። ይህ መሣሪያ ምላጩን የሳበው የባለቤቱ ጣት ይሁን፣ የሸሚዙ ጫፍ ይሁን፣ የጃኬቱ ገመድ ይሁን ለይቶ አያውቅም። ይህን መለየት የማኅደሩ ሥራ ነው።

ማኅደር የሌለው ሰው ምን እንደሚያገኘው ኅዳር መጨረሻ 2008 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታየ። ፕላክሲኮ በረስ የተባለው የታወቀ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቡድኑን ለአገሪቱ ዋንጫ ያበቃ ሰው፣ በማንሃተን ወደ አንድ የምሽት ክበብ ሲሄድ ግሎክ ሽጉጡን ያለ ማኅደር በስፖርት ሱሪው ላስቲክ ውስጥ ሸጕጦት ነበረ። ላስቲኩ አልያዘውምና ሽጉጡ ወደ እግሩ ተንሸራተተ፤ ተኰሰም፤ ቀኝ ጭኑንም መታው። ቍስሉ ለሞት የሚያደርስ አልነበረም። ሽጉጡ በኒው ዮርክ ፈቃድ ያልነበረው ስለሆነ ግን የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሰኔ 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዴንቨር ከተማ አንድ የምርመራ ቢሮው ባልደረባ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በጭፈራ ላይ ሳለ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ሽጉጡ ከወገቡ ማኅደር ወደ ወለሉ ወደቀ። መውደቁ አላተኰሰውም፤ ሰውየው ደንግጦ ከመሬት ሲያነሣው ግን ተኰሰና በአጠገቡ የነበረ ሰው እግሩን ተመታ። አንደኛው ማኅደር አልነበረውም፤ የሁለተኛው ማኅደር መሣሪያውን አልጨበጠም። ከዊቺታው ምሽት እስከዚህ መቶ አርባ ዓመት አልፎአል።

እንግዲህ ሕግ የፈቀደለት ሰው ማኅደር ሲመርጥ ምን ይመልከት? የሕጉን ነገር ያነሣሁት አለምክንያት አይደለም፤ በአገራችን ይህ ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 ነውና፣ ከማኅደሩ በፊት ፈቃዱ ይቀድማል።

ሰዎች ምቾትን እንደ ቅንጦት፣ ደኅንነትን ደግሞ እንደ ግዴታ ለያይተው ያዩአቸዋል። እኔ ግን ታሪኩን ባየሁት መጠን ሁለቱን መለየት አልቻልሁም። የሚቈረቍር ማኅደር ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡ። በወንበር ላይ ሲቀመጥ ያስተካክለዋል፤ ሲነሣ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በምሳ ሰዓት አውልቆ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከወረቀት በታች ያኖረዋል፤ በመጨረሻም ማኅደሩን ቤት ትቶ ሽጉጡን ብቻውን በሱሪው ይወሽቃል። መሣሪያ በተነካ ቍጥር አደጋው ይጨምራል፤ የተሸሸገውንም ለሰው ዓይን የሚያሳየው ከልብሱ ይልቅ ዘወትር ወደ ወገብ የምትሄደው እጅ ናት። ማኅደሩ ተመችቶት ቀኑን ሙሉ የሚረሳው ሰው ግን ሽጉጡን ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል።

የምቾት ግማሹ ያለው በቀበቶው ላይ ነው። በውስጡ ጥይት የያዘ ሽጉጥ ከስምንት መቶ ግራም እስከ አንድ ኪሎ ከሩብ ሊመዝን ይችላል፤ ለሱሪ ማሰሪያ ብቻ የተሠራ ቀጭን ቀበቶ ይህን ሲሸከም ይጣመማል፤ እጀታው ወደ ውጭ ያዘነብላል። ስለዚህ ድርብ ቆዳ ያለው፣ የማይጣመም፣ ስፋቱም ከማኅደሩ ማስገቢያ ጋር የሚገጥም ቀበቶ ያስፈልጋል። ማኅደሩ ከሱሪ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሱሪው በወገቡ ጥቂት ሰፋ ብሎ መሰፋት አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ጥፋቱን በማኅደሩ ላይ ያሳብባል። ከሱሪ ውጭ የሚውለው የበለጠ ይመቻል፤ ነገር ግን ረዘም ያለ ኮት ይፈልጋል። በብብት ሥር የሚንጠለጠለው መኪና ለሚነዳ ሰው ምቹ ቢሆንም፣ አፈሙዙ ወደ ኋላ የሚያመለክተው ዓይነት ሁልጊዜ ከኋላ የቆመውን ሰው ይመለከታል። በጀርባ አከርካሪ ላይ መታጠቅን ፈጽሞ አልመክርም፤ አንሸራትቶት በጀርባው የሚወድቅ ሰው በብረት ላይ ይወድቃልና። በኪስ የሚይዝም ቢኖር ሽጉጡ በኪሱ ውስጥ የራሱ ማኅደር ይኑረው፤ ከዚያም ኪስ ውስጥ ሌላ ነገር፣ እስክሪብቶም ቢሆን፣ አይግባ።

ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ከታየ በኋላ ማኅደሩን መፈተን ቀላል ነው። በፍራሽ ላይ ወደ ታች ዘቅዝቆ መነቅነቅ፤ ከወደቀ አይሆንም። ከውጭ ሆኖ የምላጩን ቀለበት በጣት መጫን፤ ቆዳው ከገባና ምላጩ ከተሰማ አይሆንም። በአንድ እጅ ማስገባት፤ አፉ ከገጠመ አይሆንም። ከዚህ በኋላ ባዶውን ሽጉጥ በቤት ውስጥ ታጥቆ ጥቂት ቀን በወንበር መቀመጥ፣ ጐንበስ ብሎ ጫማ ማሰር፣ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የተመቸ ማኅደር በወንበር ላይ ሆድን ሊወጋ ይችላል።

ደግሞም ብዙዎቹ ቍስሎች የሚደርሱት ሽጉጡ ሲወጣ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ለመውጣቱ የሚያስቸኵል ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለመመለሱ ግን የሚያስቸኵል ምንም ነገር የለም። ጣት ከምላጩ ርቆ፣ ሸሚዝና ኮት በሌላው እጅ ተገልጦ፣ ዓይን የማኅደሩን አፍ እያየ በዝግታ ይመለስ። ከዚህም የሚሻለው ማኅደሩን ከነሽጉጡ መታጠቅና ማታም ከነሽጉጡ ፈትቶ ልጆች በማይደርሱበት በተቈለፈ ሣጥን ማኖር ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ሽጉጡን ከማኅደሩ ሳያወጣ ይከርማል።

የቆዳ ማኅደር እንደ ጫማ ዕድሜ አለው። ላብና ቀበቶ እየተጫነው አፉ ይለሰልሳል፤ ጠርዙም ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ይህ የተጠቀለለ ጠርዝ ሽጉጡ ሲገባ በምላጩ ቀለበት ውስጥ ገብቶ እንደ ጣት ሊስብ ይችላል። ባለቤቱ ግን ለዓመታት የለመደው፣ ከገላው ጋር የተስማማ ማኅደር ስለሆነ ሊጥለው ይሳሳል። በየጥቂት ወሩ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ማኅደሩን ወደ ብርሃን ይያዘውና አፉን በአውራ ጣቱ ይጫነው፤ ከታጠፈ በዚያው ቀን ይለውጠው።